ሐዋሳ ላይ ቤት ሲገዙ ገንዘብዎ ከወረቀቱ እንዳይቀድም

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሐዋሳ ውስጥ አንድ ካፌ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ ለፈረሙልኝ ሰው 200 ሺህ ብር ቀብድ ቆጥሬ ሰጠሁ። ሻጩ ጨዋና ረጋ ያሉ አዛውንት ነበሩ። ካርታው በስማቸው ነው። ደላላው ከጠዋት ጀምሮ «ነገ ከአዲስ አበባ ሌላ ገዢ ይመጣል» እያለ ሲያጣድፈኝ ነበር። ከዘጠኝ ቀን በኋላ ከሻጩ ተለይተው ሻሸመኔ የሚኖሩት ባለቤታቸው መጡ። «ልጄ፣ አንተን አልወቅስህም፤ ግን ይህን ቤት አብረን ነው የሠራነው። እኔ አልሸጥኩም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ገንዘቤ በሽማግሌ ልመና ተመልሶ እጄ እስኪገባ 14 ወር ፈጀ፤ እስከዚያ የቤት ዋጋ ጥሎኝ ሄደ።

ሁለተኛውን ቤት፣ ዛሬ የምኖርበትን፣ የገዛሁት በሌላ መንገድ ነው። አንድም ብር ያለ ማጣሪያ አልወጣም፤ እያንዳንዱ ክፍያ የወጣው አንድ ወረቀት ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ከዚህ በታች የጻፍኩት ያንን ቅደም ተከተል ነው። ሐዋሳን እያሰብኩ ጻፍኩት እንጂ ሕጉ አዳማ ላይ ለሚገዛም ያው ነው።

1. የሚገዙት ምን እንደሆነ ይለዩ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። እርስዎ የሚገዙት ቤቱንና በመሬቱ የመጠቀም መብትን ነው። ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ ግን ደላላ «ባዶ ቦታ አለ፣ ርካሽ ነው» ሲል ሁሉም ሰው ይረሳዋል። በሐዌላ ቱላ በኩልና በሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች የገበሬ መሬት በእጅ ጽሑፍ ውል ሲሸጥ ይታያል። ውሉ የሽያጭ እንዳይመስል «ስጦታ» ወይም «ብድር» ተብሎ ይጻፋል፤ አንዳንድ ጊዜም አንዲት የጭቃ ጎጆ ተቀልሳበት «ቤት» ይባላል። እንዲህ ያለ ውል ክርክር ላይ ሲወድቅ የሚያቆመው እግር የለውም። ቤቱ በሕገወጥ ግንባታ ከተፈረጀም ይፈርሳል፤ ካሳ አይጠየቅበትም። ዋጋው ግማሽ ቢሆን እንኳ አይንኩት።

ካርታ ላለው ቤት ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይዞታው ነባር (የሊዝ ሥርዓት ከመምጣቱ በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ለተወሰነ ዘመን ከመንግሥት በውል የተወሰደ)?» የሚል ነው። ሊዝ ከሆነ የሊዝ ውሉን ይጠይቁና ጠቅላላ የሊዝ ዋጋው ስንት እንደሆነ፣ ስንቱ እንደተከፈለ፣ በየዓመቱ ስንት እንደሚቀር፣ ግንባታው በውሉ ላይ በተቀመጠው ጊዜ መጠናቀቁን ይመልከቱ። ያልተከፈለ ሊዝ ከቤቱ ጋር ወደ እርስዎ ይመጣል። ነባር ይዞታ ከሆነ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ያመጣውን ለውጥ ይወቁ፦ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በስተቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ፣ ተቀባዩ መሬቱን የሚይዘው በሊዝ ሥሪት ነው። ስለዚህ ሻጩ በዓመት የሚከፍለው ጥቂት የመሬት ኪራይ ለእርስዎም ይቀጥላል ብለው ሒሳብዎን አይሥሩ። በዋጋ ከመስማማትዎ በፊት ማዘጋጃ ቤት ሄደው ስም ሲዛወር ምን እንደሚከፈል ይጠይቁ።

ግንባታው ያልተጀመረ ወይም ከግማሽ ያልደረሰ የሊዝ ቦታ የሚሸጥልዎት ካለ፣ ይህ በሁለት ሰዎች ስምምነት ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም። አዋጁ ሽያጩ በሚመለከተው አካል ክትትል በግልጽ ሥርዓት እንዲፈጸም ያዝዛል። «በውክልና እሰጥሃለሁ፤ ቤቱን ጨርሰህ ስም እናዛውራለን» የሚል ሻጭ ይህንን እየሸሸ ነው።

2. ካርታውን ሳይሆን ማኅደሩን ይመኑ

ሻጭ እጅ ላይ ያለው ካርታ የሚነግርዎት ካርታው የተሠራበትን ቀን እውነት ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነው ሁሉ፣ የባንክ መያዣም ይሁን የፍርድ ቤት እግድ ወይም የወሰን ክርክር፣ ያለው ይዞታውን በሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ማኅደር ውስጥ ነው። ሐሰተኛ ካርታም በዓይን አይለይም፤ ማኅተሙ ያምራል፣ ወረቀቱ ይመሳሰላል።

ስለዚህ ሻጩን ይዘው ቤቱ ወደሚገኝበት ክፍለ ከተማ ወይም ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ይሂዱ። ሻጩ ራሱ በጽሑፍ ማመልከቻ ያስገባና ይዞታው ከዕዳና ከእግድ ነጻ መሆኑ በደብዳቤ ይረጋገጥ። አብሮ ለመሄድ ሰበብ የሚያበዛ ሻጭ ካጋጠመዎት እዚያው ይተዉት። «ዛሬ ኃላፊው የለም፣ ነገ ይምጡ» መባሉን ግን ይልመዱት። እኔ ለአንዲት ደብዳቤ ስድስት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ ስድስተኛው ቀን ላይ ልቤ ሊቆረጥ ደርሶ ነበር። መመላለሱ ያሰለቻል፣ ከሥራ ያስቀራል፤ ቢሆንም ያንን ደብዳቤ በቃል ማረጋገጫ ወይም «ውስጥ ሰው አለኝ» በሚል ደላላ አይተኩት። የደብዳቤውንም ቀን ይመልከቱ። ከሦስት ወር በፊት የተጻፈ «ነጻ ነው» የሚል ወረቀት ትናንት የገባን እግድ አያሳይምና ውል በሚፈርሙበት ሳምንት እንደገና ያስጣሩ።

የባንክ መያዣ ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል፤ ባለቤቱ ስለተቀየረ አይነሳም። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ የመያዣ ንብረትን ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ እንዲሸጥ ሥልጣን ይሰጠዋል። ቤቱ ዕዳ ካለበት መፍትሔ የለም ማለት አይደለም፤ ሻጭ፣ ገዢና ባንኩ ሦስቱ ተቀምጠው የዋጋው አንድ ክፍል በቀጥታ ለብድሩ ይከፈልና ባንኩ መያዣውን ያንሣ። ገንዘቡን ለሻጩ ሰጥቶ «ሄደህ ክፈል» ማለት ግን ከባድ ስህተት ነው።

ሐዋሳ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የሲዳማ ክልል በ2012 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው። የቆየው ካርታ በአማርኛ፣ አዲሱ ደብዳቤ በሲዳምኛ ሊሆን ይችላል። ቋንቋውን የማያነቡ ከሆነ፣ የሚፈርሙበትንና የሚቀበሉትን ወረቀት ሁሉ ከደላላውም ከሻጩም ጋር ዝምድና በሌለው ሰው ያስተርጉሙ። የስም አጻጻፍም ከመታወቂያ እስከ ካርታ አንድ መሆኑን ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ፤ በአያት ስም ላይ የተፈጠረ የአንድ ፊደል ልዩነት ስም ዝውውሩን ለወራት ሊያጓትት ይችላል።

3. ሻጩ ብቻውን መሸጥ ይችላልን?

እኔ የወደቅኩት እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፈዋለሁ።

የቤተሰብ ሕጋችን በጋብቻ ውስጥ የተፈራ ንብረት፣ ካርታው በአንዳቸው ስም ብቻ ቢሆንም፣ የጋራ ነው ብሎ ይነሣል። የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ደግሞ ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ያልተስማማው ወገን ሽያጩ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል፤ በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 69 መሠረት ይህን ማድረግ የሚችለው ሽያጩን ባወቀ በስድስት ወር ውስጥ፣ ቢበዛም ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። እስቲ ያስቡት፦ ገንዘብ ከፍለው፣ ግድግዳ ቀለም ቀብተው፣ ልጆችዎን ሰፈሩ ውስጥ ትምህርት ቤት ካስገቡ በኋላ መጥሪያ ሊደርስዎት ይችላል።

«አላገባሁም» የሚል ሻጭ የምስክር ወረቀቱን ያምጣ። ግን በዚያ ብቻ አይርኩ። ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት አብረው የኖሩ ሰዎች፣ ግንኙነቱ ከሦስት ዓመት ያላነሰ ከሆነ፣ በዚያ ጊዜ ያፈሩትን ንብረት ሕጉ እንደ ጋራ ያየዋል፤ ያላገባ የሚለው ወረቀት ደግሞ ይህን አይናገርም። ጎረቤት ግን ያውቃል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ውስጥ ይዘዋወሩ፣ የዕድር ሰብሳቢውን ሰላም ይበሉ፣ «ይህን ቤት ማን ሠራው? ማን ኖረበት?» ብለው ይጠይቁ። ያኔ ከጎረቤቶቹ አንዲቷን እናት ብቻ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ፣ የባለቤታቸውን ስም ከነሻሸመኔ አድራሻቸው ትነግረኝ ነበር። የተፋታ ሻጭ ከሆነ ደግሞ የፍቺውን ብቻ ሳይሆን የንብረት ክፍፍሉን ውሳኔ ይጠይቁ። ፍቺው ሲወሰን ቤቱ ሳይከፋፈል የቀረበት ጉዳይ ብዙ ነው።

ቤቱ የውርስ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይታይ፤ በዚያ ላይ የተዘረዘሩት ወራሾች በሙሉ ይፈርሙ ወይም ሕጋዊ ወኪል ይላኩ። ከወራሾቹ መካከል አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ካለ፣ ሞግዚቱ ፍርድ ቤት ሳይፈቅድለት የልጁን ድርሻ መሸጥ አይችልም። «እኅቴ አረብ አገር ናት፣ እሷ ችግር የለባትም» የሚለውን አይቀበሉ። ችግር የሌለባት እኅት ውክልና ትልካለች።

ውክልናውንም ቃል በቃል ያንብቡት። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ይላል፤ «ጉዳዬን ሁሉ እንዲያስፈጽምልኝ» የሚለው ጠቅላላ ውክልና አይበቃም። «ቤቱን ለመሸጥ፣ ዋጋውን ለመቀበል፣ ስም ለማዛወር» ተብሎ መጻፉን ይመልከቱ። መሸጥ ተፈቅዶለት ገንዘብ መቀበል ያልተፈቀደለት ወኪል አለ። ከውጭ አገር የመጣ ከሆነ በኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል አልፎ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር የተረጋገጠ ይሁን። ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮ ይቀራልና ከተቻለ በስልክ፣ ፊታቸውን እያዩ፣ ራሳቸውን ያነጋግሯቸው።

4. ቤቱን በዝናብ ጊዜ ይዩት

ወረቀቱ ንጹሕ የሆነ ቤት ሁሉ ደኅና ቤት አይደለም። የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው፤ ውኃው ከፍ ባለ ጊዜ ወደ ዳርቻው የቀረቡ ግቢዎች ይጨነቃሉ። በሐይቁ አቅጣጫ የሚገዙ ከሆነ በሐምሌ ወይም በነሐሴ ይሂዱ፣ ግድግዳው ሥር እርጥበት ምን ያህል ከፍታ እንደወጣ ይመልከቱ፣ የመጸዳጃ ጉድጓዱ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚመጠጥ ይጠይቁ። ከታቦር ተራራ ግርጌ ላለ ቤት ደግሞ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚያልፍ ጎረቤት ያሳይዎት።

ከተማዋ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት፤ በጥር 2008 ዓ.ም. የተሰማውን የመሬት መንቀጥቀጥ የማያስታውስ ነዋሪ ጥቂት ነው። ከመስኮትና ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወርድ ስንጥቅ ካዩ አዲስ ቀለም አያታልልዎት፤ አንድ የግንባታ መሐንዲስ ከፍለው ያሳዩ።

ግቢውን በሜትር ይለኩ። ካርታው 200 ካሬ ሜትር ብሎ አጥሩ 240 ከያዘ፣ 40ው የሻጩ አይደለም፤ ዋጋ አይክፈሉበት። ካርታው ላይ የሌለ ሰርቪስ ቤት ወይም ተጨማሪ ወለል ካለም የግንባታ ፈቃዱን ይጠይቁ። የከተማው ፕላን በዚያ በኩል መንገድ ማስፋት ያስብ እንደሆነ ማዘጋጃ ቤቱን በዚያው ጉዞ ይጠይቁ።

5. ቀብድ

ከላይ ያለው ሁሉ ሳይጠናቀቅ ቀብድ አይስጡ። «ቤቱ ያመልጥዎታል» ይባላሉ። ያምልጥ።

በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ብዙ ሰው በዚህ እጥፍ ይተማመናል፤ እኔም ተማምኜ ነበር። ነገር ግን ዋናው የሽያጭ ውል በሕግ ፊት የማይጸና ከሆነ የእጥፉ ክርክር አብሮ ሊናድ ይችላል፤ ያን ጊዜ የሚተርፈው የሰጡትን ብቻ ለማስመለስ መሮጥ ነው። የግድ መስጠት ካለብዎት መጠኑ ትንሽ ይሁን፣ በባንክ ይተላለፍ፣ ወረቀቱ ላይ ባልም ሚስትም ይፈርሙ፣ ዋናው ውል የሚፈረምበት ቀን ይጻፍበት፤ የባንክ ዕዳ፣ እግድ ወይም ሌላ ባለመብት ከተገኘ ቀብዱ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚመለስም በግልጽ ይስፈር።

6. ውሉ

ሕጉ ግልጽ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ያዝዛል። ቤት ውስጥ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ውል፣ አሥር ምስክር ቢኖረውም፣ ይህን አያሟላም። በዚህ ቁጥር ላይ እስከ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የደረሱ ብዙ ክርክሮች አሉ፤ ባልተመዘገበ ውል ቤት የገዙ ሰዎች ከዓመታት በኋላ ውሉ እንደሌለ ተቆጥሮባቸዋል። ምዝገባው የሚጠይቀው የአንድና የሁለት ቀን ወረፋ ነው።

የውሉን ረቂቅ ጠበቃ ይጻፈው እንጂ ደላላው ከኮምፒውተር ቤት ያመጣውን ቅጽ አይፈርሙ። ውሉ ውስጥ የካርታ ቁጥር፣ የቤት ቁጥር፣ ስፋት፣ አዋሳኞች፣ ክፍያው የሚፈጸምበት ደረጃ፣ ቤቱ የሚለቀቅበት ቀን፣ ተከራይ ካለ የሚያስለቅቀው ማን እንደሆነ፣ እስከዚያ ቀን ያለውን ግብርና ቆጣሪ የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ የዘገየ ወገን የሚከፍለው መቀጫ ይኑር።

አሁን ሁሉም ሰው ወደሚያደርገውና እኔ አጥብቄ ወደምቃወመው ነገር ልምጣ። ግብር ለመቀነስ ተብሎ እውነተኛው ዋጋ አራት ሚሊዮን ሆኖ ውሉ ላይ አንድ ሚሊዮን ይጻፋል። ሻጩ ይጠይቃል፣ ደላላው «ሁሉም እንዲህ ነው» ይላል። ውሉ ነገ ቢፈርስ የሚመለስልዎት የተጻፈው አንድ ሚሊዮን ነው፤ በጽሑፍ የሰፈረን ቃል በሰው ምስክር ለማስተባበል ሕጉ በር አይከፍትልዎትም። የሦስት ሚሊዮኑ ደረሰኝ የለም፣ የባንክ መንገዱም የለም። ከዚህም ሌላ ሐሰተኛ ዋጋ መጻፍ በመንግሥት ግብር ላይ የሚፈጸም ማጭበርበር ነው፤ ጽሕፈት ቤቱም የራሱን ግምት አውጥቶ በዚያው ሊያስከፍል ይችላል። የከፈሉትን ይጻፉ።

7. ክፍያና ስም ዝውውር

ውል መመዝገብና ስም ማዛወር ሁለት ነገር ናቸው። ውሉ ሻጩን ያስገድዳል፤ ቤቱ የእርስዎ የሚሆነው ግን የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1185 እንደሚለው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ላይ ስምዎ ሲሰፍር ነው። በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ የሻጩ አበዳሪ ቤቱን ሊያሳግድ ይችላል። ስለዚህ ዋጋውን ከፋፍለው ያስሩት። እኔ ያደረግኩት ይህ ነበር፦ ውሉ ሲመዘገብ ግማሹን በሻጩ ስም በተሠራ ሲፒኦ (ባንክ ራሱ በሚያወጣው የክፍያ ማዘዣ)፣ የስም ዝውውር ማመልከቻው ተቀባይነት ሲያገኝ 30 በመቶውን፣ አዲሱ ካርታ በስሜ ወጥቶ ቁልፉን ስረከብ ቀሪውን 20 በመቶ። ሻጩ መጀመሪያ ተቆጥተው ነበር፤ በኋላ ግን ለዝውውሩ ከእኔ በላይ የሮጡት እሳቸው ናቸው፤ 20 በመቶው ይጠብቃቸው ነበርና።

የቴምብር ቀረጥ በንብረቱ ዋጋ ላይ 2 በመቶ ነው። ሻጩ ካገኘው ትርፍ ላይ የሚታሰበው ግብር፣ የዝውውር አገልግሎት ክፍያው፣ የቆየ የቤትና የመሬት ግብር ውዝፍም አለ። የትኛውን ማን እንደሚከፍል ውሉ ውስጥ ካልተጻፈ፣ ጉዳዩ የሚቆመው ክፍያ መስኮት ላይ ነው፤ ሻጩ ገንዘቡን ጨርሶ ከተቀበለ ደግሞ የሚከፍሉት እርስዎ ይሆናሉ። የደላላውን ኮሚሽንም መጀመሪያ ይነጋገሩበትና በጽሑፍ ያድርጉት፤ የሚከፈለው ስም ሲዛወር ይሁን።

8. ርክክብ

ቁልፍ ሲረከቡ ሁለት ምስክር ባለበት የርክክብ ወረቀት ይፈራረሙ፤ የመብራትና የውኃ ቆጣሪ ንባብ ይመዝገብበት። በዚያው ሳምንት የሁለቱንም ቆጣሪ ስም ያዛውሩ። ከሻጩ የቆዩትን የግብር ደረሰኞች፣ የግንባታ ፈቃዱንና የመጀመሪያውን ፕላን ዋናውን ይቀበሉ። የበር ቁልፎቹን በሙሉ ይቀይሩ። የወረቀቶቹን ቅጂ ከቤቱ ውጭ፣ ዘመድ ቤት ያስቀምጡ፤ እኔ የእኔን ሻንጣ ውስጥ አድርጌ ወንድሜ ጋ ዲላ ልኬዋለሁ።